የዶሮ፣ የዳክዬና የእርግብ እንቁላል ነጭ ልዩነት

በቁስቋምና በሌሎች የጎንደር ቀበሌዎች ዶሮ ለሚያረቡ ማኅበራት፣ እንቁላል ለሕፃናት ምግብ እንዲውል እንመክራለን። የዶሮ እንቁላል የማይስማማው ሕፃን ሲያጋጥም ወደ ዳክዬ ወይም ወደ እርግብ እንቁላል መቀየር መፍትሔ ይመስል ይሆናል። እንዳልሆነ ለመረዳት የነጩን ፕሮቲን እንመልከት።

በዶሮ እንቁላል ነጭ ካለው ፕሮቲን ከግማሽ በላዩ ኦቫልቡሚን ነው። ኦቮሙኮይድ የተባለው ደግሞ 11 በመቶ ያህል ይሆናል። በእነዚህ ፕሮቲኖች ላይ የስኳር ሰንሰለት እንደ ቅርንጫፍ ተያይዞ ይገኛል፤ ከኦቮሙኮይድ ክብደት ሩብ ያህሉ ስኳር ነው። ስኳሩ ከፕሮቲኑ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ነጩን አያጣፍጠውም።

ሰንሰለቱ እንደ ወፉ ዘር ይለያያል። በእርግብ እንቁላል ነጭ፣ በሰንሰለቱ ጫፍ ላይ በተለየ መንገድ የተጋጠሙ ሁለት ጋላክቶዞች አሉ። በዶሮና በዳክዬ ግን ይህ መጋጠሚያ የለም።

ይሁን እንጂ የሕፃኑ ሰውነት በአለርጂ የሚቆጣው በዋናነት ፕሮቲኑን ለይቶ ነው። ፕሮቲኖቹም ከወፍ ወፍ ይመሳሰላሉ። ኦቮሙኮይድ ሙቀትን ስለሚቋቋም መቀቀል ብቻውን አደጋውን አያስወግድም።

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን፦

1. እንቁላል በልቶ ሰውነቱ ያበጠ፣ ያሳከከው ወይም ያስመለሰው ሕፃን የማንኛውም ወፍ እንቁላል አይሰጠው፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።
2. መተንፈስ ካስቸገረው ለአፍታም አይዘግይ።
3. እንቁላል ለሚስማማቸው ሕፃናት በደንብ በስሎ ይሰጥ፤ በአንድ ልጅ ምክንያት ለሌሎቹ አይከልከል።