ምላጭና ፈቃድ

ኮዬ ፈጬ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ያለ ሰፈር ነው። ትናንት የእርሻ ማሳ የነበረው መሬት ዛሬ የኮንዶሚኒየም ፎቅ ቆሞበታል። ስለ ቤቶቹ ዕጣ በ2011 ዓ.ም. ብዙ ተብሏል፤ እኛ የምንነጋገረው ግን ከፎቁ ሥር ስለምትከፈተው ፀጉር ቤት ነው።

በገጠር ጎረቤት ጎረቤቱን ከዛፍ ጥላ አስቀምጦ ይላጨዋል፤ ዋጋውም ምርቃት ነው። ይህ ንግድ አይደለም። ወንበርና መስታወት አስቀምጦ ገንዘብ የሚቀበል ግን ነጋዴ ሆነ ማለት ነው። አዋጅ ቁጥር 980/2008 ያለ ንግድ ፈቃድ መነገድን ይከለክላል። ከእርሱ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 686/2002 ቅጣቱን ከ150,000 እስከ 300,000 ብርና ከ7 እስከ 15 ዓመት እሥራት አድርጎት ነበር። ለአንድ ምላጭና ለአንድ መቀስ ይህ እጅግ ይከብዳል፤ እኛም ሐሳባችንን አንሸሽግም።

ታዲያ ሕግ ፀጉር ቤት ድረስ ምን አስገባው? ነገሩ ያለው ደም ላይ ነው። ምላጭ ቆዳ ሲጭር ዓይን የማያየው ደም ስለቱ ላይ ይቀራል። ጉበትን የሚያሳምመው ሄፓታይተስ ቢ የተባለው ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ ሰኞ የተላጨው በሽተኛ ቅዳሜ የሚላጨውን ጤነኛ ሊያስይዘው ይችላል። የመቁረጫ ማሽንም ቢሆን ካልጸዳ ቆረቆርን ከልጅ ወደ ልጅ ያሻግራል። በጨርቅ መወልወል ማጽዳት አይደለም። ምላጩ አዲስ ሆኖ ከወረቀቱ ሲወጣ በዓይናችን እንይ፤ አለዚያም የራሳችንን ይዘን እንሂድ።

በሴቶቹ በኩል ደግሞ ፊት የሚያቀላ ቅባት አለ። ምን እንዳለበት ያልተጻፈበት ብልቃጥ ሜርኩሪ ሊኖርበት ይችላል። ሜርኩሪ ኩላሊትን ይጎዳል፤ እርጉዝ ከተቀባችው ለጽንሱም ይተርፋል።

ያለ ፈቃድ የሚሠራው ሁሉ ክፉ ሰው አይደለም። እርሻ የለቀቀ ገበሬ ልጅም ሊሆን ይችላል፤ መቀስ ይዞ ይብላ እንጂ ምን ያድርግ? ሱቁ ሲታሸግበት ወንበሩን ተሸክሞ ሌላ ሰፈር ቢሄድ፣ ምላጩ ያው ምላጭ ነው። ስለዚህ የሚያሽገው ሹም ፈቃድ እንዴት እንደሚወጣና ዕቃ እንዴት እንደሚጸዳም አብሮ ቢያስተምረው ይሻላል እንላለን።

ፈቃድ በግልጽ ቦታ መታየት አለበት፤ በየዓመቱም ይታደሳል። ፊደል ቆጥረናልና ከመቀመጣችን በፊት ግድግዳው ላይ ያለውን ስምና ዓመተ ምሕረት እናንብብ።