ንባብን ስለ ማፍጠን፤ በጎልማሳነታቸው ፊደል ለለዩ

ፊደል የቆጠረ ሁሉ አንባቢ የሆነ ይመስለናል። ነገር ግን በጎልማሳነቱ ፊደል የለየ ሰው ደብዳቤ ይዞ ሲቀመጥ ብናስተውል፣ እያንዳንዱን ፊደል በጣቱ እየተከተለ፣ በከንፈሩ እያንሾካሾከ ይሄድና ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲደርስ የመጀመሪያው ቃል ጠፍቶበት እንደገና ይጀምራል። ከዚህም የተነሣ ደብዳቤውን ለልጁ ይሰጣል። ልጁ ያነበበለትን ይሰማል እንጂ የዘለለበትን አያውቅም። በ1971 ዓ.ም. ተጀምሮ በ15 ቋንቋዎች በተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ ወገኖቻችን ፊደል ለይተው ነበር፤ ንባቡ ሳይፈጥንላቸው ቀርቶ የተዉት ግን ጥቂት አይደሉም።

ለመሆኑ ንባብ የሚፈጥነው በምንድን ነው? ብዙ ሰው ዓይንን በማሮጥ ይመስለዋል። ዓይናችን በመሥመሩ ላይ እንደ ውሃ አይፈስም፤ እየዘለለ ያርፋል እንጂ። በየዕረፍቱ የሰኮንድ ሩብ ያህል ይቆያል፤ አጥርቶ የሚያየውም ጥቂት ፊደላትን ብቻ ነው። ስለዚህ ፈጣኑን አንባቢ ፈጣን ያደረገው ያየውን ቃል ሳይቆጥር በአንድ ጊዜ ማወቁ ነው። «እንደሚመጡ» የሚለው ቃል ለጀማሪው ስድስት ነገር ነው፤ ለለመደው አንድ። በደቂቃ ሺህ ቃላት ታነባላችሁ እያሉ ትምህርት የሚሸጡ አሉ፤ እኛ አናምናቸውም። ኪት ሬይነርና ባልደረቦቹ በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ እንዳስረዱት፣ ፍጥነቱ ከልክ ሲያልፍ የሚቀነሰው ከማስተዋሉ ነው። እንግሊዝኛ አንባቢ ጎልማሳ እንኳ በልቡ ሲያነብ በደቂቃ በአማካይ 238 ቃላት ያህል ነው የሚሄደው። ይህም ቁጥር ለእኛ መለኪያ አይሆነንም፤ የአማርኛ ቃል ከፊትም ከኋላም እየተቀጠለበት ስለሚረዝም፣ እነርሱ በሦስት በአራት ቃል የሚሉትን እኛ በአንድ እንለዋለን።

መንገዱስ? መንገዱ ከእኛው ዘንድ አለ። በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪው አንዱን ገጽ አንብቦ አያልፈውም። ያንኑ ክፍል በመጀመሪያ በቁጥር ፊደል በፊደል ይለየዋል፤ ቀጥሎ በግዕዝ፣ ከዚያም በውርድ ንባብ፣ በመጨረሻ በቁም ንባብ ያቀናዋል። መደጋገሙ ለብዙዎቻችን አሰልቺ ይመስላል። ይሁን እንጂ ዘመቻው በተጀመረበት በዚያው በ1971 ዓ.ም. አሜሪካዊው መምህር ጄይ ሳሙኤልስ ለዘገምተኛ አንባቢዎች ያቀረበው ዘዴ ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም፤ አጭር ምንባብ እስኪቀና ድረስ ደጋግሞ ማንበብ፣ ከዚያ ወደ ሌላ መሻገር። ሁለተኛው ምንባብ ገና ሲጀመር ከፊተኛው አጀማመር የፈጠነ ሆኖ ይገኛል።

ወላጆቻችንንና ጎረቤቶቻችንን የምናስተምር ወጣቶች ይህን ዘዴ ልንሠራበት እንችላለን። ከመጀመራችን በፊት ግን ዓይናቸውን እንጠይቅ። ዕድሜ ከአርባ ሲያልፍ የቅርቡ ይደበዝዛል፤ «ለ»ና «ሰ» የሚምታታበት ሰው ሰነፍ ሳይሆን መነጽር የሚያሻው ሊሆን ይችላል። መነጽር ለሚያስፈልገው ሰው የእኛ ትምህርት ብቻውን ምንም አይፈይድለትም።

ከዚህ በኋላ ሃምሳ ቃል ያህል ያለው፣ ከኑሯቸው ያልራቀ ጽሑፍ እንምረጥ፤ የዕድር ማስታወቂያ ወይም የዘመድ ደብዳቤ ቢሆን ይመረጣል። አንድ ጊዜ እኛ ጮክ ብለን እናንብብላቸው፤ ከዚያ እነርሱ ሦስት አራት ጊዜ ይመላለሱበት። ጣታቸውን ከመሥመሩ ላይ አናስነሣቸው፤ መሥመር እንዳይስቱ ይጠብቃቸዋል፤ ቃሉ ሲለመድ ራሱ ይነሣል። «እንደሚ»፣ «ስለሚ»፣ «ባችሁ»፣ «ላቸው» የመሳሰሉትን ለብቻቸው በካርቶን ጽፈን ብናስለምድ ደግሞ ብዙ ቃል አብሮ ይቀልላል። በሰዓት መለካቱ ጥሩ ነው፤ ሆኖም እናትን ከልጅ፣ ጎረቤትን ከጎረቤት ለማወዳደር አይሁን። የትናንቱን ደቂቃ ከዛሬው ጋር በደብተራቸው ጀርባ ራሳቸው ይጻፉት። ካነበቡም በኋላ ምን እንደሚል በቃላቸው እንጠይቃቸው፤ መመለስ ካቃታቸው ፍጥነቱን ትተን ያንኑ ምንባብ በማግሥቱ እንደገና እናስነብባቸው።