ስለ ልጆች ጽናት

ልጅን ጽኑ የሚያደርገው ተግሣጽ ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርሁ። ዓምና ታናሽ ወንድሜ በሒሳብ ፈተና ወድቆ «ትምህርት ይቅርብኝ» ባለ ጊዜ ሰነፍ ብዬ ሰደብሁት፤ እርሱም ሦስት ቀን ከተማሪ ቤት ቀረ።

በዚያው ሰሞን ከሐመር መጥቶ እዚህ ጂንካ የሚማር ጓደኛዬን ስለ አገሩ የልጅ አስተዳደግ ጠየቅሁት። በሐመር ሕፃኑ አስቀድሞ በመንደሩ አጠገብ ግልገል ይጠብቃል፤ ቆይቶ ፍየል ያግዳል፤ ከፍ ሲል ከብት እየነዳ ወደ ሩቅ ግጦሽ ይሄዳል። ጎረምሳ በሆነ ጊዜ ደግሞ በተደረደሩ ከብቶች ጀርባ ላይ እየሮጠ ይሻገራል። (በዚህ ሥርዓት ሴቶች መገረፋቸውን ግን እኔ አልደግፍም።) ይህን የከብት ዝላይ ለማየት ከባሕር ማዶ የሚመጣ እንግዳ ዓይኑን የሚጥለው በዘላዩ ላይ ነው። እኔን ያስገረሙኝ ግን ከብቶቹን በቀንድና በጅራት ይዘው የሚያቆሙት ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል ማዝ የሚባሉት፣ ቀድመው የዘለሉ ወጣቶች ይገኛሉ። ልጁ የሚዘለው ብቻውን ነው፤ ከብቱን ግን ሌሎች ይይዙለታል።

ስለዚህ ወንድሜን ይቅርታ ጠየቅሁት። በየማታው በሚችለው የማካፈል ጥያቄ አስጀምሬ፣ ቀጥሎ ጥቂት የሚከብደውን እሰጠው ጀመር፤ አጠገቡ እቀመጣለሁ እንጂ መልሱን አልነግረውም። ክፍልፋይ ዛሬም ያስቸግረዋል። ትናንት ማታ አንዱን ጥያቄ አራት ጊዜ ሰርዞ፣ «መብራቱን አታጥፋ» አለኝ።