የኮመጠጠ መሬት በመሣሪያ እንዴት ይለካል?

ዝናቡ ሳያጓድል፣ ዘሩም የተመረጠ ሆኖ፣ ማዳበሪያውም በወቅቱ ገብቶ ሳለ የባቄላው ወይም የገብሱ ቡቃያ ከመሬት ብድግ ሳይል ቢቀር ገበሬው ምን ያደርጋል? አንዱ ዘሩን ያማል፤ ሌላው ማዳበሪያው ተበርዟል ይላል፤ ሦስተኛው መሬቱ አርጅቷል ብሎ ይተወዋል። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥማችሁ ጥቂት ቡቃያ ከነሥሩ ነቅላችሁ እጠቡና ተመልከቱ። ሥሩ አጭርና ወፍራም ሆኖ፣ ጠጕር የሚመስሉት ቀጫጭን ሥሮች ከጎደሉ መሬቱ ኮምጥጦ ይሆናል። «ይሆናል» ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ውሃ የተኛበትም ማሳ ቡቃያውን ያቀጭጫልና ዓይን ብቻውን ሊፈርድ አይችልም። የኮመጠጠ መሬት መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ ኖራ ደግሞ በኩንታል የሚቈጠር፣ በአህያ ወይም በመኪና የሚጓጓዝ ከባድ ዕቃ ስለ ሆነ በግምት ተገዝቶ በግምት የሚበተን ነገር አይደለም። ስለዚህ በዚህ ትምህርት የምንነጋገረው ስለ መለካት ነው።

በመጀመሪያ መሬት ስለ ምን እንደሚኮመጥጥ እንመልከት። በጎጃም፣ በወለጋ፣ በጉራጌ እንዲሁም ዝናብ በሚበዛባቸው በሌሎች ደጋና ወይና ደጋ አገሮች የክረምቱ ውሃ በየዓመቱ ወደ ታች እየሰረገ ካልሲየምንና ማግኒዚየምን የመሳሰሉትን ንጥረ ነገሮች ከአፈሩ አጥቦ ይወስዳል። እህሉም ገለባውም ከማሳው ወጥቶ ሲቀር ጉድለቱ ይብሳል። ዩሪያን የመሰሉ ማዳበሪያዎችም ጥቅማቸው ትልቅ ቢሆንም በአፈር ውስጥ ሲለወጡ ኮምጣጣነቱን ይጨምራሉ። ነገሩን ለመረዳት የጓሮን መሬት ከሩቅ ማሳ ጋር አስተያዩ። ጓሮው አመድና ፍግ ሲደፋበት የኖረ በመሆኑ ብዙ ጊዜ ከሩቁ ማሳ የተሻለ ነው። አመዱን እየወሰዱ የሚደፉት እናቶች መሬቱን ሲያክሙት ኖረዋል ማለት ነው።

የኮምጣጣነት መጠን የሚነገርበት ቍጥር ፒ ኤች ይባላል። ይህን አቈጣጠር እንደ ፈረንጆች ዘመን በ1909 ያወጣው፣ በኮፐንሃገን ከተማ በካርልስበርግ ቢራ ጠመቃ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው የዴንማርክ ሊቅ ሶረንሰን ነው። 7 መካከለኛ ነው፤ ከ7 በታች የሆነው ሁሉ ኮምጣጣ ነው፤ ቍጥሩ ባነሰ መጠን ኮምጣጣነቱ ይበረታል። ይሁን እንጂ አንዱ ደረጃ ከሌላው የሚበልጠው በዐሥር እጅ መሆኑን ልብ በሉ። 5 የሆነ መሬት 6 ከሆነው ዐሥር ጊዜ፣ 4 የሆነው ደግሞ መቶ ጊዜ ይበልጥ ኮምጣጣ ነው። ቍጥሩ ከ5.5 በታች ሲወርድ በሸክላው ውስጥ ታስሮ የነበረው አሉሚኒየም መሟሟት ይጀምራል፤ የሥሩን ጫፍ የሚጎዳውም እርሱ ነው። በገንዘብ የተገዛውም ፎስፎረስ ከአሉሚኒየምና ከብረት ጋር ተጣብቆ ሥሩ ሳያገኘው ይቀራል። ድንች ይህን ይታገሣል፤ ባቄላና ገብስ ግን ቶሎ ይጎዳሉ።

አሁን ወደ መሣሪያው እንምጣ። ቀድሞ ኮምጣጣነት የሚታወቀው ቀለም በተነከረ ወረቀት ነበር። በ1934 በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ የፍራፍሬ አምራቾች ማኅበር ኬሚስት የነበረ ሰው የሎሚ ጭማቂ ለመለካት ተቸገረ፤ ጭማቂው እንዳይበላሽ የሚጨመርበት የድኝ ጋዝ የወረቀቱን ቀለም ያጠፋበት ነበርና። የትምህርት ቤት ጓደኛውን አርኖልድ ቤክማንን ቢያማክረው፣ ቤክማን የብርጭቆ እንክብልንና ለራዲዮ ያገለግል የነበረውን የኤሌክትሪክ ማጉያ አምፑል አንድ ላይ አገናኝቶ መለኪያ ሠራለት። የዛሬው የአፈር መለኪያ የተወለደው እንግዲህ ከእርሻ ምርት ነው።

በመለኪያው ጫፍ ያለችው ትንሽ እንክብል ተራ ብርጭቆ አይደለችም። የውጭ ገጿ ውሃ ጠጥቶ እጅግ ስስ የሆነ ልስልስ ሽፋን ያበጃል፤ በዚያም ላይ የሃይድሮጂን ቅንጣቶች ሲያርፉ በውስጧ ካለው ፈሳሽና በውጭ ካለው መካከል ጥቂት የኤሌክትሪክ ግፊት ይፈጠራል። ለአንድ የፒ ኤች ደረጃ ይህ ግፊት በ25 ዲግሪ ሙቀት 59 ሚሊቮልት ያህል ነው። አንድ የእጅ ባትሪ ድንጋይ 1500 ሚሊቮልት እንዳለው ብታስቡ ነገሩ ምን ያህል ጥቃቅን እንደ ሆነ ይገባችኋል። እንክብሏ ከደረቀች ወይም ከቆሸሸች መሣሪያው ዝም አይልም፤ የሐሰት ቍጥር ይናገራል።

ይህን የምጽፈው ስሕተቱን ራሴ ስለ ሠራሁት ነው። መለኪያው በመሳቢያ ውስጥ ክዳኑ ተከፍቶ ሰንብቶ ነበር። በማግሥቱ ማሳ ወርጄ 6.1 የሚል ቍጥር ሳነብ ባለ ማሳው የደረቀውን ባቄላውን እያየ ምንም አልመለሰልኝም። እንክብሏን አሳድሬ ነክሬ፣ በመመዘኛ ፈሳሽ አስተካክዬ ያንኑ አፈር ብለካው 4.9 ሆኖ ተገኘ። ገበሬው የእኔን ቍጥር አምኖ ቢሆን ኖሮ ለሌላ ዓመት ዘሩንና ማዳበሪያውን ባፈሰሰ ነበር።

ስለዚህ የልማት ሠራተኛ ሆይ! እንክብሏን ሁልጊዜ በፖታሲየም ክሎራይድ ውሃ በረጠበው ክዳን ውስጥ አስቀምጣት። በጨርቅ አትፈትጋት፤ አጥበህ በለስላሳ ወረቀት ጠብታውን ብቻ አንሣ። በየማለዳው ሥራ ሳትጀምር ፒ ኤቻቸው 7 እና 4 በሆኑት መመዘኛ ፈሳሾች አስተካክል፤ የተጠቀምህበትንም ፈሳሽ ወደ ጠርሙሱ አትመልስ። በገበያ የሚሸጠውን፣ ያለ ባትሪ የሚሠራውንና በመሬት ላይ የሚተከለውን ባለ ብረት ዘንግ መለኪያ ግን አንመክርም። ሁለት ልዩ ልዩ ብረቶች በእርጥብ አፈር ውስጥ ሲገቡ ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ፤ መርፌውን የሚያንቀሳቅሰውም ይኸው ነው። መርፌው ለእርጥበትና ለጨው ስለሚታዘዝ ያንኑ ቦታ ከዝናብ በፊትና በኋላ ብትለካው ሁለት መልስ ልታገኝ ትችላለህ።

መሣሪያው ደኅና ቢሆንም አፈሩ በደንብ ካልተወሰደ ድካሙ ከንቱ ነው። በማሳው ላይ እየተጠማዘዛችሁ ሂዱና ከ15 እስከ 20 ከሚሆኑ ቦታዎች፣ እስከ 20 ሳንቲሜትር ጥልቀት፣ ከላይ እስከ ታች እኩል የሆነ አፈር ቍረጡ። አመድ ከተደፋበት፣ ከብት ካደረበት፣ ከኩይሳና ከዛፍ ሥር አትውሰዱ። ቀዩንና ጥቁሩን መሬት አታደባልቁ። የተሰበሰበውን በንጹሕ ባልዲ አዋሕዳችሁ አንድ ኪሎ ያህል አስቀሩ፤ በጥላ አድርቁት። የማዳበሪያ ጆንያ በፍጹም አትጠቀሙ። ከዚያም ከተነፋው አፈር 10 ግራም ወስዳችሁ 25 ሚሊሊትር የተጣራ ውሃ ጨምሩበት፤ አማስላችሁ ግማሽ ሰዓት ካቆያችሁ በኋላ ለኩ። የወንዝና የጕድጓድ ውሃ የራሱ ማዕድን ስላለው አይሆንም። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ያገለግላል፤ ሆኖም ሻጩ በስሕተት የባትሪ አሲድ እንዳይሰጣችሁ ተጠንቀቁ።

ፒ ኤች መሬቱ መታመሙን ይናገራል እንጂ የመድኃኒቱን መጠን አይናገርም። ፒ ኤቻቸው እኩል የሆኑ ሁለት ማሳዎች፣ አንዱ አሸዋማ ሌላው ሸክላማ ቢሆን፣ የሚፈልጉት ኖራ እጅግ ይለያያል። የኖራው መጠን የሚታወቀው በሸክላው ላይ ተጣብቆ የሚገኘው ኮምጣጣነት በአፈር መመርመሪያ ቤት ሲለካ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ አንድ ሜትር ኩብ አፈር 12 ኩንታል ቢመዝን፣ በአንድ ሄክታር እስከ 15 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያለው አፈር 18,000 ኩንታል ይሆናል። ለእያንዳንዱ የኮምጣጣነት መለኪያ፣ ማለት በኪሎ አንድ ሳንቲሞል፣ ወደ 9 ኩንታል ንጹሕ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ያስፈልጋል። የምርመራው ውጤት 2 ቢሆን 18 ኩንታል ነው፤ ብዙ ጊዜም በአንድ ተኩል ስለሚባዛ 27 ኩንታል ይደርሳል። ለሩብ ሄክታር ሰባት ኩንታል ለማይሞላ ኖራ መዘጋጀት ነው።

ኖራው እንደ ዱቄት የላመ ይሁን፤ ሻካራው ለዓመታት ሳይሟሟ ይቀመጣል። የተቃጠለ ኖራ ከሆነ ግን 56 ኪሎው የ100 ኪሎ የኖራ ድንጋይ ሥራ ስለሚሠራ መጠኑ ይቀነስ፤ ዓይንና ቆዳም ያቃጥላል። ነፋስ በሌለበት ቀን አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ በትኑት፤ ከመዝራት አንድ ወይም ሁለት ወር አስቀድማችሁ ደጋግማችሁ በማረስ ከአፈሩ ጋር አዋሕዱት። ከመጠን ካለፈ ዚንክና ብረት ለሰብሉ ይጎድሉበታል። ኖራ ማዳበሪያን አይተካምና የማዳበሪያውን ወጪ አስቀራለሁ ብላችሁ አትቍጠሩ። በማሳው አንድ ጥግ ኖራ ያልነካው ጥቂት መሬት ተዉ፤ የሁለቱንም ቍጥር በደብተር ጽፋችሁ በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ወር እንደገና ለኩ።