የሕፃናትን ጥርስ ከመበስበስ ስለ መጠበቅ

«የወተት ጥርስ ወላቂ ነው» ብለን ቸል አንበል፤ የበሰበሰ ጥርስ ሕፃኑን ከምግብና ከእንቅልፍ ይከለክለዋልና። ምክንያቱም በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ተሐዋስያን ስኳርን ወደ አሲድ ሲለውጡት፥ አሲዱ የጥርሱን ልባስ መሸርሸሩ ነው።

ተሐዋስያን ሁሉ ግን ጎጂዎች አይደሉም፤ ፕሮባዮቲክ የሚባሉት ጠቃሚዎቹ ጎጂዎቹን ቦታና ምግብ ይሻሟቸዋል ተብሎ ይታመናል። በሄልሲንኪ 594 ሕፃናት ተጠንተው በ2001 እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት፥ ላክቶባሲለስ ጂጂ የተጨመረበትን ወተት ለ7 ወር ከጠጡት መካከል፥ በተለይ በ3ና በ4 ዓመት ልጆች ላይ የመበስበሱ አደጋ ቀንሶ ታይቷል።

ይህ ግን ረዳት እንጂ ምትክ አይደለም። ስለዚህ፥ ወላጆች ሆይ፥ ከ3 ዓመት በታች ላሉት የሩዝ ፍሬ፥ ከዚያ በላይ ላሉት የአተር ፍሬ በሚያህል የፍሎራይድ ሳሙና ጧትና ማታ ጥርሳቸውን ታጸዱላቸው ዘንድ እናሳስባለን።