ርዕዮተ ዓለምና የውኃ ጉድጓድ፦ ከነገሌ ቦረና ምን እንማራለን?



በዚህ የጥናት ገጽ የምንመለከተው ዘመናዊ ርዕዮተ ዓለሞች ወደ አገራችን የፖለቲካ ሕይወት እንዴት እንደገቡ ነው። ይህ ታሪክ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ከአዲስ አበባ ነው። እኛ ግን ከደቡቡ ቆላ፣ ከነገሌ ቦረና እንጀምራለን። በዚያ በደሉ ቀድሞ መጥቶ ስሙ ኋላ ስለደረሰ፣ ርዕዮተ ዓለም ምን እንደሚያደርግና ምን እንደማያደርግ አጥርቶ ያሳየናል።

ርዕዮተ ዓለም ስንል ምን ማለታችን ነው?

ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ የያዘ አስተሳሰብ ማለታችን ነው። የበደሉን ምንጭ ያስረዳል፤ ሊመጣ ይገባዋል የሚለውን ሥርዓት ያመለክታል፤ ወደዚያ የሚያደርሰውን መንገድም ይነግራል። ሶሻሊዝም፣ ብሔርተኝነትና ሴኩላሪዝም ከዚህ ይመደባሉ።

ከእነዚህ በፊት ግን ሕዝቡ የፖለቲካ ሐሳብ አልነበረውም ማለት አይደለም። ቦረናዎች በየስምንት ዓመቱ በጉሚ ጋዮ ጉባኤ ተሰብስበው ሕጋቸውን ይመረምራሉ። ቱላ የሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶችም ያለ ሥርዓት አይቀዱም፤ ማን በየትኛው ቀን ከብቱን እንደሚያጠጣ ተራ የሚያስይዝ አባ ሄሬጋ አለ። በቆላ «ውኃው የማን ነው? ተራው የማን ነው?» የሚለው ከሁሉ የቀደመ የፖለቲካ ጥያቄ ነው።

በደሉ ሲቀድም

በ1955 ዓ.ም. ከገናሌ ወንዝ ማዶ፣ በባሌ፣ ትልቅ ዐመፅ ተነሳ። ከመሪዎቹ ዋነኛው ዋቆ ጉቱ ነበሩ። ሕዝቡን ያስነሳው የግብር ክብደት፣ የመሬት ነጠቃ፣ የሹማምንት በደልና በሃይማኖት የተነሳ መናቅ ነበር። ከሶማሊያም የጦር መሣሪያ አግኝቷል። ዐመፁ እስከ 1962 ዓ.ም. ቆየ። ገበሬውና አርብቶ አደሩ የተነሱት የማርክስን መጽሐፍ አንብበው አልነበረም፤ የደረሰባቸውን ያውቁ ነበርና ነው።

ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. ደግሞ ነገሌ ቦረና የሰፈረው ጦር ዐመፀ። የወታደሮቹ የውኃ ጉድጓድ ተበላሽቶ ነበር፤ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዲቀዱ ቢጠይቁ ተከለከሉ። ምግቡም የማይበላ ነበር። የምድር ጦሩ ዋና አዛዥ ነገሩን ሊያበርዱ ሲመጡ ወታደሮቹ ይዘው እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው፤ እነሱ የሚጠጡትን አጠጧቸው። የዐመፁ ወሬ ወደ ሌሎች የጦር ሰፈሮች ተዛመተ። ከዚያ ቀን ስምንት ወር ቆይቶ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ጅማሬው ሶሻሊዝም አልነበረም፤ የሚጠጣ ውኃ ነበር።

ስሙ ሲደርስ

ለበደሉ ዘመናዊ ስም የሰጡት በዋናነት ተማሪዎች ነበሩ። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ ወጡ። በኅዳር 1962 ዓ.ም. ዋለልኝ መኮንን የብሔረሰቦችን ጥያቄ በጽሑፍ አነሳ። ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ኅብረተሰባዊነትን አወጀ፤ የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ። በጭሰኝነት ይማቅቅ ለነበረው ገበሬ ይህ ትልቅ ነፃነት ነበር።

ቆላው ግን ያው አልነበረም። «አራሽ» የሚለው ቃል አርብቶ አደሩን አይጠራውም። አዋጁ አርብቶ አደሩ በልማድ በሚጠቀምበት የግጦሽ መሬት ላይ መብት ሰጥቶታል፤ ወዲያውም መንግሥት ጉድጓድ እንዲቆፍርና አርብቶ አደሩን ለእርሻ እንዲያሰፍር ኀላፊነት ሰጠ። በደጋው እርሻ ልክ የተሰፋ ሐሳብ አርብቶ አደሩን ነገ ገበሬ እንደሚሆን ሰው አድርጎ ተመለከተው።

ሌላው ዋጋ ከዚህ የከበደ ነው። ኢሕአፓና መኢሶን ሁለቱም ማርክሳዊ ነበሩ፤ የአባሎቻቸው ብዙዎቹም ከአንድ የተማሪ እንቅስቃሴ የወጡ ናቸው። ደርግን መደገፍ ይገባል አይገባም በሚለው ተለያይተው ተገዳደሉ። በቀይ ሽብር እንደ እኛ ተማሪ የነበሩ እጅግ ብዙ ወጣቶች አለቁ። ሕዝቡን ለማዳን የተያዘ ሐሳብ ከሰው ነፍስ በላይ ሲቀመጥ የሚያደርሰውን ከዚህ በላይ የሚያስተምር የለም።

አንድ ቃል፣ ሁለት ታሪክ

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተደረገውን የሙስሊሞች ታላቅ ሰልፍ ሁላችንም እንሰማለን። ከጥያቄዎቹ አንዱ የመንግሥትና የሃይማኖት መለያየት ነበር። በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት የመንግሥት ሃይማኖት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ነበርና፣ ለሙስሊሙ ይህ መለያየት የእኩልነት በር ነበር። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባል ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» መባልንም ጠየቁ። በሰልፉ ላይ ክርስቲያን ወገኖችም አብረው ወጥተዋል።

አሁን ቱርክን እንመልከት። በኦስማን መንግሥት መጨረሻ ኦስማናዊነት፣ እስላማዊነትና ቱርካዊነት የሚባሉ ሦስት ሐሳቦች ይፎካከሩ ነበር፤ ዩሱፍ አክቹራ እ.ኤ.አ. በ1904 በጻፈው ጽሑፍ ሦስቱን አነጻጽሯቸዋል። በ1908 ሱልጣኑን ሕገ መንግሥቱን እንዲመልስ ያስገደዱት፣ እንደ እኛው አገር፣ የጦር ሰዎች ነበሩ። በኋላ ሙስጠፋ ከማል ሪፐብሊኩን መሠረተ፤ በ1924 ኸሊፋነት ተሻረ፤ በ1937 ሴኩላሪዝም ከሌሎች አምስት መርሖች ጋር በሕገ መንግሥቱ ተጻፈ። እዚያ ሴኩላሪዝም ከላይ የወረደ ነበር፤ የሃይማኖት ጉዳይም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥር ዋለ። ብዙ ምእመናን የኖሩት እንደ ነፃነት ሳይሆን እንደ ቁጥጥር ነው።

ቃሉ አንድ ነው፤ በአዲስ አበባ የተገፋው ጠየቀው፣ በአንካራ ገዢው አወጀው። ስለዚህ «ሴኩላሪዝም ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ብለን በባዶው መከራከር አይጠቅመንም። «ማን ጠየቀው? የትኛውን በደል ለማንሳት?» ብለን እንጠይቅ።

ዛሬስ?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ብዙዎቹን የቆዩ ጥያቄዎች ይዟል። አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ይለያል፤ አንቀጽ 27 የሃይማኖት ነፃነትን፣ አንቀጽ 39 የብሔሮችን መብት፣ አንቀጽ 40 የአርብቶ አደሩን ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት ይደነግጋል። ይሁንና የብሔር ፌዴራሊዝሙ አንዱን በደል ሲያቀል ሌላ ጥያቄ ወልዷል። የሞያሌ ከተማን ሁለት ክልሎች ያስተዳድሯታል። መንጋ ግን ዝናብን እንጂ ካርታን አይከተልም። ግጦሹና ጉድጓዱ የጋራ በነበረበት ቦታ ወሰን ሲሰመር፣ ጎረቤት የነበረው «የዚያ ክልል ሰው» ይሆናል።

ማጠቃለያ

ወንድሞችና እህቶች፣ በግቢያችን ሐሳብ ይዞ የሚመጣ ብዙ ነው፤ መልካም ነገር የያዘም አለ። እንድናደርግ የምንመክረው ሦስት ጥያቄ ማስቀደም ነው። ይህ ሐሳብ የማንን በደል በስሙ ይጠራል? ማንንስ ሳይጠራ ያልፋል? ቢሳሳት ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? ሰዎች በውኃ፣ በግጦሽና በእሳት ተጋሪ መሆናቸውን ከሐዲስ ተምረናል። ከየትኛውም ወገን የመጣን ርዕዮተ ዓለም በዚህ እንመዝነው፤ የጠማውን፣ ሙስሊምም ይሁን ሌላ፣ ወደ ጉድጓዱ ያቀርበዋል ወይስ ያርቀዋል?

ለውይይት

1. በትውልድ ከተማችሁ ከሁሉ የቀደመው የጋራ ጥያቄ ምንድን ነው? በየትኛው ሐሳብ ስም ሲነገር ትሰማላችሁ?
2. ኢሕአፓና መኢሶን ሳይገዳደሉ መለያየት ይችሉ ነበር? እንዴት?
3. ሚያዝያ 12 ከተጠየቁት ውስጥ እስከ ዛሬ ያልተመለሰ አለ?

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይስጠን። ወላሁ አዕለም።