እውነተኛ ታላቅነት

ያዕቆብና ዮሐንስ በጌታ ቀኝና ግራ ለመቀመጥ በለመኑ ጊዜ አሥሩ ደቀ መዛሙርት ተቆጡ (ማር. 10፥35-45)። የተቆጡት እነርሱም ያንኑ ስፍራ ስለ ተመኙ ይመስለናል። ጌታ ግን ታላቅነትን በአገልጋይ ቦታ አኖረው፤ በኋላም ወገቡን ታጥቆ እግራቸውን አጠበ (ዮሐ. 13)። የይሁዳም እግር አልቀረም። በየዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ ካህናት የምእመናንን እግር የሚያጥቡት ይህንኑ ለማሰብ ነው።

እኛስ? በመዝሙር ጊዜ ከፊት ለመቆም እንሽቀዳደማለን፤ ጉባኤው ሲያልቅ ግን መጥረጊያው ከጥግ እንደ ቆመ ይቀራል፤ የታመመ ጓደኛችንንም የሚጠይቅ ይጠፋል። እንግዲህ እስከሚመጣው እሑድ እያንዳንዳችን ሰው የማያየውን አንድ ሥራ እንምረጥ፤ ሠርተንም ዝም እንበል።

ለዚህም ጌታ ይርዳን፤ አሜን።